ለሴትዮዋ የነገርሻትን ለእኔ

ጥቅምት 9

ለልጄ፤

ሰላምታዬን ሦስት ቦታ ከፍዬዋለሁ። ሁለቱ እጅ ያንቺ ነው። አንዱን እጅ ስላስጠጋችሽ ለአክስትሽ ስጪልኝ። ለሐኪምሽ፣ ለዚያች ሴትዮ፣ የተረፈ የለም።

«ለምን ተቆጥተህ ትጽፋለህ?» ላልሽው፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ፣ ያውም እናትሽ እየሳቀችብኝ መሆኑን ታውቂያለሽ። አንድ ገጽ ከምሞላ የጭነት መኪና ጎማ በእጄ ብፈታ ይቀለኛል። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ «አምጣው ልጻፍልህ» ቢለኝ፣ «የልጄን ነገር አንተ ጆሮ ውስጥ ከማፈስ ብዕሩን ብውጠው ይሻለኛል» አልኩት። በአፍ ቢሆን ለስለስ እል ነበር። ግን ስልክ ሲጮህ ሰውነትሽ ይንቀጠቀጣል አሉኝ፤ እንግዲህ በወረቀት ቻይኝ።

ወደ ነገሬ ልግባ። የገበያው ሕንፃ በተቃጠለ ጊዜ አንቺና እናትሽ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ መስፊያ ማሽናችሁ ላይ ነበራችሁ። አንቺ ወጣሽልኝ፤ እሷ ቀረችብኝ። ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ምን ብላሽ እንደተለየችሽ እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም። እኔም ቁስሉ ይድረቅ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን አክስትሽ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ደስ ይበልህ፣ ልጅህ ለሐኪሟ መናገር ጀምራለች!»

ደስ ይበልህ! እናትሽ የማን ሚስት ነበረች? የሴትዮዋ ነበረች? የሚስቴን የመጨረሻ ቃል አንዲት የማላውቃት ሰው በሆዷ ይዛው ትዙር? ገበያ ወጥታ ሽንኩርት እየመረጠች እሱን ታስታውስ፣ እኔ እዚህ ባዶ ቤት ግድግዳ ልይ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

አክስትሽ «ቀንተህ ነው» ትላለች። ቅናት ሚስት ላለው ነው። እኔ የምጠይቀው የራሴን ነው።

ለመሆኑ ምንድን ነው የምታስተምርሽ? ትንፋሽ? ዕድሜ ልኬን ጎማ ስነፋ የኖርኩ አባት እያለሽ ትንፋሽ ለመማር ይህን ያህል መንገድ ይኬዳል? ሴትዮዋ ስንት ዓመቷ ነው? ልጅ ወልዳለች? ሻይ ታቀርብልሻለች? እኔ የሌለኝ ምን አላት?

ለሷ የነገርሻትን ለእኔም ንገሪኝ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩሽም።

አባትሽ


ኅዳር 3

አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ ለቀቀህ? ደብዳቤህን አክስቴ ካልሰማሁ ብላ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሽንኩርቱ ጋ ስደርስ ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቼ ስለነበር እሷ አለቀሰች።

ጥያቄዎችህን ልመልስ። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳው ይሆናል። ልጅ ይኑራት አይኑራት አላውቅም፤ ስለ ራሷ አታወራም። ሻይ አታቀርብም። ክፍሏ ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጡ ወንበሮች፣ አንድ ጠርሙስ ውሃና ሶፍት ነው ያለው። መስኮቱ የሆስፒታሉን ልብስ ማጠቢያ ያያል።

የምናደርገውም ምስጢር የለውም። ጫማዬን አውልቄ እቀመጣለሁ። እግሬ ወለሉን ሲነካ ልብ እንድለው ትጠይቀኛለች፤ ይቀዘቅዛል? ይሻክራል? ቀጥሎ አሁን የምሰማውን ድምፅ፣ ኮሪደሩ ላይ የሚገፋውን ጋሪ፣ የቧንቧውን ውሃ። ቀጥሎ ትንፋሼን። ላስረዝመው ላሳጥረው አይደለም አባዬ፣ ሲገባ ሲወጣ እንዳየው ብቻ። እዚያ ክፍል ውስጥ መሆኔን ሰውነቴ ሲያምን፣ ከዚያን ዕለት አንድ ቁራሽ አወራለሁ። የጭሱ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲመጣ ታስቆመኝና ወደ እግሬ እንመለሳለን። ስረጋጋ ደግሞ ስለ ቁራሿ እንነጋገራለን፤ ያኔ ምን አስቤ ነበር፣ ዛሬስ ስለ ራሴ ምን እላለሁ። ሳምንት ሙሉ ጠብቄ ሄጄ «ደረጃው ጨለማ ነበር» ብዬ ብቻ የተመለስኩበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ነው የሚቆየው። ድሮ ትዝታው ሲመጣብኝ እዚያው ሕንፃ ውስጥ እገኝ ነበር። አሁን አንዳንድ ቀን ወንበሩ ላይ ሆኜ አየዋለሁ።

ላንተ ያልነገርኩህ ስለማላምንህ አይደለም። ከዚህ በላይ ግን አሁን አልችልም፤ አታስጨንቀኝ። በሚቀጥለው ወር ለጥቂት ቀን ልመጣ አስቤያለሁ። ሐኪሜም ተስማምታለች።

ልጅህ


ታኅሣሥ 21

ለልጄ፤

በሰላም መግባትሽን ከአክስትሽ ነው የሰማሁት። አንቺ አልጻፍሽም። ሹራብሽ ወንበሩ ላይ ቀርቷል፤ አላነሳሁትም።

ጠረጴዛው ላይ «ለምን እዚያ ወሰድከኝ?» ብለሽ ጽፈሽ ትተሽልኝ ለሄድሽው መልሴ ይኸው።

ጎማ ሲተነፍስ ቀዳዳው በዓይን አይታይም። ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ እነክረውና በሁለት እጄ እጫነዋለሁ። አረፋ የሚንተከተክበት፣ ቀዳዳው እሱ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። አንቺንም ከተቃጠለው ሕንፃ ደረጃ ሥር ባቆምሽ ነገሩ ይወጣል፣ አልቅሰሽ ይቀልልሻል፣ ያቺ ሴትዮ በወራት ያልጨረሰችውን እኔ በአንድ ከሰዓት እጨርሰዋለሁ አልኩ። ለዚህም ዘበኛውን ለምኜ በሩን አስከፈትኩ። ከሱቅ በርጩማ ተሸክሜ ሄድኩ። ጫማሽን አስወለቅኩሽ። «ወለሉ ይቀዘቅዛል?» አልኩሽ። «ምን ይሰማሻል?» አልኩሽ። «ተንፍሺ» አልኩሽ። ሴትዮዋ የምትለውን አንድም አላስቀረሁም። ምን አጎደልኩ?

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አልረሳውም፤ በወረቀት አይወርድም። ደግፌ ስመልስሽ ያየን ፀጉር አስተካካይ እስከ ዛሬ ዓይኔን አያየኝም፤ መላጨቱን ግን አልተወም።

«ሐኪሜም ተስማምታለች» ያልሽው ነው መጀመሪያውኑ ያንገበገበኝ። ልጄ ቤቴ ለመምጣት የማንን ፈቃድ ነው የምትጠይቀው? የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ይላሉ፤ ለሷ አልጋ ሆነሽ ለእኔ ቀጋ ሆንሽ።

እኔ ይቅርታ የምለው ሳጠፋ ነው። አሁን አልልም።

ሹራቡን ልላከው ወይስ ይቀመጥ?

አባትሽ


ጥር 12

አባዬ፣

ሹራቡን ላከው።

ደብዳቤህን ለሐኪሜ አነበብኩላት። እንደምትናደድ አውቃለሁ፣ ግን አነበብኩላት። አልሳቀችብህም፣ አልፈረደችብህም። እኔ ግን ፈርጃለሁ።

ብቻዬን ደረጃ መውጣት ጀምሬ ነበር። አሁን እንደገና አክስቴ እጄን ይዛ ነው የምታወጣኝ። ክብሪት ስትጭር ከክፍሉ እወጣለሁ። እንቅልፍ የለኝም። ሐኪሜ «ጠፋ ማለት አይደለም፣ የተማርሽው አብሮሽ አለ» ትላለች፤ ይሁን፣ ለጊዜው ግን የምናወራው ስለ እግሬና ስለ ወለሉ ብቻ ነው። ስለ እሳቱ ቀን አንዲት ቃል መናገር አልቻልኩም።

አባዬ፣ አንተ ልታድነኝ አልነበረም። ልትቀድማት ነበር።

ይህ እውነት መሆኑ እስኪገባህ አትጻፍልኝ።

ልጅህ


የካቲት 26

ልጄ፣

ብዙ ወረቀት ቀደድኩ፤ ይህ የተረፈው ነው።

ልክ ነሽ። ልቀድማት ነበር። በቃ ጻፍኩት። ፀጉር አስተካካዩ አጠገቤ ቆሞ «ምን እየጻፍክ ነው እንዲህ የሚያልብህ?» አለኝ፤ የመጀመሪያ ንግግሩ ነው ከታኅሣሥ ወዲህ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ። እናትሽ ብትኖር በርጩማውን ተሸክሜ ከቤት ስወጣ በሩ ላይ ታስቀረኝ ነበር። አሁን የሚያስቀረኝ የለም፤ እራሴው ልማር ነው።

አክስትሽ ደረጃውን እንደገና ብቻሽን እንደጀመርሽው ጻፈችልኝ። ደብዳቤውን ኪሴ ይዤው እዞራለሁ። ስለ እናትሽ የመጨረሻ ቃል ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። መስማት አልፈልግም ማለቴ አይደለም፤ እፈልጋለሁ። ግን አልጠይቅም። ዝም አይነቅዝም።

ተሸነፈ እንዳትይ ግን። እኔም መቀመጥ ጀምሬያለሁ! ጠዋት ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ጫማዬን አውልቄ አየር መሙያው አጠገብ እቀመጣለሁ። ያቺ ሴትዮ ልጄን ዝም ብላ ማስቀመጥ ከቻለች፣ እኔ ደግሞ ከሷ የበለጠ ዝም ማለት እችላለሁ ብዬ ነው። መጀመሪያ ቀን ትንፋሼን ሳይ ሳይ እንቅልፍ ጣለኝ። አንድ ባለታክሲ ቀሰቀሰኝና «አባባ፣ ጎማዬ እንደ እርስዎ ጭልጥ ብሎ ተኝቷል፣ የቱን ላስቀድም?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አልተኛሁም። ጉዱ ምን መሰለሽ፣ ዓይኔን ስጨፍን እናትሽ ትመጣለች ብዬ ስጠብቅ የምትመጣው ሴትዮዋ ናት! ፊቷን አላውቀው፣ መነጽር አድርጌላታለሁ። ተቀምጣ ታየኛለች። «ምን ነገረችሽ?» እላታለሁ። ዝም ትላለች። በራሴ ሱቅ፣ በራሴ ትንፋሽ ውስጥ ገብታ ዝም ትለኛለች! ተነስቼ የመኪና ማንሻውን ክሪክ ይዤ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። በማግስቱ ያው ነው።

ይህን ለሷ አታንብቢላት። ወይም አንብቢላት፤ እንደፈለግሽ።

ሹራቡ ከዚህ ጋር ተልኳል። አጥቤዋለሁ፤ ትንሽ ካጠረ ቻይው።

አባትሽ


መጋቢት 14

ለልጄ፤

ግብዣሽ ደረሰኝ። «ፈቃድህ ከሆነ መጥተህ አብረኸን ተቀመጥ» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ ቃሉ ግን የሷ ይመስላል። ያም ሆኖ እመጣለሁ።

እኔም የምጠይቀው አለኝ። አንደኛ፣ የማመጣላችሁ ወንበር የለም፤ ከዚያው ይገኝልኝ። የሚሰጠኝ ወንበር ግን ከሷ ወንበር ዝቅ እንዳይል። ሁለተኛ፣ «ዶክተር» ብዬ አልጠራትም፤ ከተሸነፍኩ «እመቤት» እላት ይሆናል። ጫማ አውልቅ ካለችኝ አወልቃለሁ፤ ካልሲዬ አዲስ ነው።

አንቺ የጠየቅሽኝን ደግሞ ቃል እገባልሻለሁ። ተናግረሽ እስክትጨርሺ አፌን አልከፍትም፣ አልነሳም፣ እጅሽንም አልይዝም። «መሸከም እንደምትችልና እንደማትችል ሳትዋሽ ንገረኝ» ላልሽው፣ እኔ ከባድ ዕቃ ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ግን አላውቀውም። እውነቴ ይኸው ነው።

ፀጉር አስተካካዩ በነፃ ቆረጠኝ። «ሽማግሌው ልትዳር ነው እንዴ?» ይለኛል። «ጠላቴን ላይ ነው» አልኩት።

አባትሽ


ሚያዝያ 25

አባዬ፣

ደህና ነህ? ከሄድክ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጻፍኩልህ። መልስ የለም።

ቃልህን ጠበቅክ፤ አፍህን አልከፈትክም። ከጨረስኩ በኋላ ግን ትከፍተዋለህ ብዬ ነበር። ሐኪሜ «ጊዜ አለን፣ ይቆዩ» ብትልህ ኮፍያህን አንስተህ ወጣህ። ጫማህን እንኳ ኮሪደር ላይ ነው ያደረግከው።

የሰማኸው ተሳስቶብህ እንዳይሆን እንደገና ልጻፈው። ሐኪሜ ጋ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ እግሬ ወለሉ ላይ ነው።

ደረጃው አፍ ላይ ደርሰን ነበር። የእማዬ ቦርሳ ማሽኑ ላይ ቀርቶ ነበር። ውስጡ ስልኳ ጮኸ። «እሱ ነው» አለች። «ካላነሳሁት ይጨነቃል፤ እየሮጠ መጥቶ እሳት ውስጥ ይገባል። ልንገረውና መጣሁ፤ አንቺ ውረጂ።» ወረድኩ። ስልኩ ከላይ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር።

የመጨረሻ ቃሏ ይኸው ነው። «መጣሁ፣ አንቺ ውረጂ።»

ለሐኪሜ ነግሬያት ላንተ ያልነገርኩህ እሷን ከአንተ አስበልጬ አይደለም። እሷ ይህን ሰምታ ቤቷ ገብታ መተኛት ትችላለች። ሥራዋ ነው፣ ታውቅበታለች። አንተስ? ስልኩን የደወልከው አንተ ነህ። ይህን ይዘህ በባዶ ቤት ብቻህን እንድትቀመጥ እንዴት አድርጌ ልጻፍልህ?

እኔ መውረዴን አሁን ለራሴ ይቅር እያልኩ ነው። ገና አልጨረስኩም፣ ግን እየሆነልኝ ነው። አንተ ግን ሰው ዘግተሃል አሉኝ። ስልክህንም ጎማ ከምትነክርበት ገንዳ ውስጥ ከትተኸዋል አሉኝ። እውነት ነው?

ደግሞ ልጠይቅህ፤ ያን ቀን ጭሱን አይተህ ነበር የደወልከው?

ልጅህ


ግንቦት 20

ልጄ፣

እውነት ነው፣ ከትቼዋለሁ። አረፋ አወጣና ዝም አለ።

ጭሱን አላየሁም። ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ እደውልላት ነበር። «ምን ፈለግህ?» ትለኛለች። «ምንም» እላለሁ። «እንግዲያው ዝጋው፣ ሥራ አለኝ» ትላለች። በየቀኑ እንዲሁ ነበርን። ያን ቀን ስታቆይብኝ ተናድጄ ደጋገምኩት። አንቺ የሰማሽው እሱን ነው።

መቀመጡ አልሆን ብሎኛል። እግሬን ወለሉ ላይ አደርጋለሁ፤ ወለሉ አለ፣ እኔ የለሁም። ደንበኛ ሲመጣ «ዛሬ የለም» እላለሁ።

ለምን ዝም ብዬ እንደወጣሁ ልንገርሽ፤ ሌላ እንዳይመስልሽ። አንቺን አልጠላሁም። ስትወርጂ ሳስብ «ተመስገን፣ ወረደች» ነው ያልኩት፣ በልቤ ጮኼ ነው ያልኩት። እናትሽም የተናገረችሽ ለዚያው ነው፤ አንቺ እንድትወርጂ። አንቺ ለእኔ ፈርተሽ ይህን ሁሉ ጊዜ ተሸከምሽው፤ እኔ ደግሞ ሴትዮዋን አስበልጣብኝ ነው ብዬ ስነጫነጭ ከረምኩ።

ያስወጣኝ ሌላ ነው። አንቺ ስትናገሪ ሴትዮዋን አየኋት። መነጽር የላትም። ምንም አላደረገችም እኮ! አልተነፈሰችም እንዳልል ትተነፍሳለች። ስትንቀጠቀጪ «እዚህ ነን» አለችሽ፣ አንቺም ተመለስሽ። እኔ በዚያች ሰዓት ዘልዬ እጅሽን ልይዝ፣ አፍሽን ልይዝ፣ ሕንፃውን ልይዝ ነበር። እንደሷ አድርጌ አልሰማሽም፤ በዕድሜዬም አልችልበት። ያ አቃጠለኝ። ሚስቴን እያጣሁ፣ እንደ አዲስ እያጣሁ፣ እዚያችው ወንበር ላይ በሴትዮዋ ቀናሁ። አየሽ የሰውን ልብ? አፍሬ ወጣሁ።

አሁን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ለሽማግሌ የሚሆን ሰዓት አላት? ካንቺ ሰዓት እንዳይነካ። አብረንም አይደለም፤ ለብቻዬ። እንቢ ካለች አታባብያት፣ በቃ ይቅር። እሺ ካለች አክስትሽ ቤት አድራለሁ። ለፀጉር አስተካካዩ ጎማ ልገዛ ነው የምሄደው እለዋለሁ።

አባትሽ


ሐምሌ 8

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለፈው ሳምንት ተመልሼ ገባሁ። ሱቁን በማግስቱ ከፈትኩ።

«ሦስት ጊዜ ተመላልሰህ ምን ነገርካት?» ላልሽው፣ አልነግርሽም።

«ለልጅህ ያልነገርከውን ለሷ?» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ፤ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ሮጦ መጣ። እህ? እንዴት ነው፣ ያንገበግባል አይደል? አክስትሽ «እሷም ቀንታ ነው» ብላኛለች። እንግዲህ የዘር ነው፣ ምን ይደረጋል።

ስለ እናትሽ ነው፣ እሱን ታውቂዋለሽ። ስለ እኔም ነው። በአፌ ገና አልሞላልኝም። ጀምሬ አቆማለሁ፣ እግርህ የት ነው ትለኛለች፣ ያው እዚሁ እላታለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ። ሲደርስልኝ ከማንም በፊት ላንቺ ነው። እስከዚያ ታገሺኝ። እኔ አንቺን እንደታገስኩሽ አይደለም፤ ከዚያ በተሻለ።

ሥራ ስለ መጀመርሽ ደስ ብሎኛል። አዲሱ ስፌት ቤት ምድር ላይ መሆኑን አክስትሽ ነግራኛለች። ለጊዜው ይሁን፤ ፎቁ አይሸሽም።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ አላልፍም። የተመለስኩ ዕለት ሰዓቴ አልቆ ስወጣ፣ አንድ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ኮት ለብሷል፣ ጫማውን አስጠርጓል። ሴትዮዋ በሩን ከፈተችና ለእኔ የምትስቅልኝን ሳቅ፣ ያችኑ ራሷን፣ ለሱ ሳቀችለት። «ይግቡ አባቴ» አለችው። እኔን እስከ ዛሬ «አባባ» ነው የምትለኝ።

እስቲ ዘዴ ፈልገሽ ጠይቂልኝ። ሰውዬው ከእኔ በፊት ነው የጀመረው?

አባትሽ